የመምህርነት ትምህርት ፍለጋ፤ ከማራኪ እስከ ደባርቅ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ ግቢ አይደለም። መሀል ከተማ ካለው የሕክምናና ጤና ሳይንስ ግቢና ከሆስፒታሉ ሌላ ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ፋሲል የሚባሉ ግቢዎች አሉት፤ ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ደግሞ የጠዳ ግቢ ይገኛል። «ዩኒቨርሲቲውን ላይ መጣሁ» የሚል አመልካች መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄም «የትኛውን?» የሚል ነው። ባጃጅ ነጂው ይጠይቀዋል፤ በር ላይ ያለው የጥበቃ ሠራተኛም ይጠይቀዋል። በድኅረ ምረቃ ደረጃ መምህርነትን ለመማር ለሚያስብ ሰው መልሱ ከሌላው አመልካች ይልቅ ይረዝማል። እሱ የሚማረው ግቢ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በከተማውና በአካባቢው ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ጠመኔ ይዞ በሰው ልጆች ፊት ቆሞ ነው። ስለዚህ ሊያየው የሚገባው ከአንድ ግቢ ብዙ ይበልጣል።

ጎንደር ለመጪው የምትጀምረው ከአዘዞ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያው ነው፤ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው አውቶቡስና ሚኒባስም በአዘዞ በኩል ይገባል። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚነሳ ሰው የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ባሕር ዳርን አልፎ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ምክንያት ይህ ጉዞ እንደ ቀድሞው ትኬት በመቁረጥ ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል። የጉዞውን ቀን የሚቆርጠው ጎንደር ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ በስልክ የሚሰጠው ወሬ ነው፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ቢያጣድፍም ይህን ሳይሰሙ መነሳት አይገባም።

ቀኑም ቢሆን ምርጫ ይፈልጋል። የምረቃ ሰሞን ግቢው ያምራል፤ ጥቁር ካባ የለበሱ ተማሪዎች፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ በየዛፉ ሥር ፎቶ ግራፍ አንሺዎች ይታያሉ። ትምህርት ግን የለም፤ መምህራኑም ለጥያቄ ጊዜ አይኖራቸውም። ጠቃሚው ቀን ተራ የሥራ ቀን ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ ክፍሎቹ እየተማሩ፣ መምህሩ ከአንዱ ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ። ከዚያ ቀጥሎ የሚሻለው ክረምት ነው። መደበኛው ተማሪ ሲወጣ ግቢው በመምህራን ይሞላል፤ ዓመቱን ሙሉ በየወረዳው ሲያስተምሩ ከርመው በሐምሌና በነሐሴ ራሳቸው ተማሪ የሚሆኑ ናቸው። ስለ መምህርነት ሥልጠና ከእነዚህ የክረምት ተማሪዎች የበለጠ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የተማሩትን ክፍል ውስጥ ሞክረውታል። የቱ እንደሠራላቸው፣ የቱ ወረቀት ላይ እንደቀረ ለጠየቃቸው ሳይደብቁ ይናገራሉ። ዝናብ የበዛበት የጎንደር ክረምት ጃንጥላና ጫማ ያስቸግራል እንጂ ለዚህ ዓላማ ከበጋው የሚያንስ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ ማወቅ ለመምህርነት አመልካች ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። ተቋሙ የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ነው፤ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ የልማት እርዳታ ትብብር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ከጎንደር በስተ ደቡብ በሚገኘው የደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሶ ነበር። ኮሌጁ የተከፈተው ለዚያ ዓይነቱ መከራ መልስ የሚሆን ባለሙያ ለማፍራት ነው። ከምሥረታው ጀምሮ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን አብሮ አሠለጠነ። ሦስቱም በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር፤ ቆላ ድባ ከመጀመሪያዎቹ የልምምድ ቦታዎች አንዱ ነው። ተማሪው በዚያ ይኖራል፣ ከሕዝቡ ጋር ይውላል፣ ችግሩን ቆጥሮና መዝግቦ ያጠናል፣ ከጓዶቹ ጋር ይመክራል፣ ከዚያ ይሠራል። የቡድን ሥልጠና የሚባለው ይህ አሠራር ከመንግሥት መለዋወጥ ተርፎ፣ የሕክምና ትምህርት በ1970 ዓ.ም. ገደማ በምሥራቅ ጀርመን ከሚገኘው የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ከተጀመረ በኋላም፣ ኮሌጁ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ቀጥሏል።

ለመምህርነት አመልካች ይህ የሌላ ሙያ ታሪክ ብቻ አይደለም። የጤና ባለሙያን ወደ ቆላ ድባ የላከ ተቋም መምህርን ወዴትና እንዴት ይልካል? ግቢውን ለማየት የመጣ ሰው ይዞት ሊዞር የሚገባው ጥያቄ በዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ እምነት ይህ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ስንት መቀመጫ አለው፣ ዶርሙ ለስንት ሰው ነው የሚሉት ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ጥያቄው ክብደቱ እንዲገባ በኢትዮጵያ የመምህርነት ሥልጠና እንዴት እዚህ እንደደረሰ ባጭሩ መታወስ አለበት። በመንግሥት ደረጃ የተደራጀው የመጀመሪያው የመምህራን ማሠልጠኛ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሐረርና ደብረ ብርሃን ተከተሉ። በ1950ዎቹ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ፤ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደረገ፤ አብዛኞቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚ ቆመ፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። በእነዚያ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ መምህር የሚሠለጥነው የሚያስተምረውን የትምህርት ዓይነትና የማስተማር ጥበቡን ጎን ለጎን እየተማረ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ለውጥ በትምህርት ቤት የሚደረገውን ልምምድ አሰፋው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ መልክ ያዘ። እጩው መጀመሪያ በሒሳብ ወይም በታሪክ ወይም በባዮሎጂ የሦስት ዓመት ዲግሪ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ አንድ ዓመት የመምህርነት ሙያ ይማር ነበር። በተለምዶ ፒጂዲቲ የሚባለው የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ይህ ነው።

ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም። ፊዚክስ የማያውቅ ሰው የፊዚክስ ማስተማሪያ ዘዴ ቢማር ምን ይጠቅመዋል? ችግሩ አንዱ ዓመት በጣም ጠባብ መሆኑ ላይ ነው። የትምህርት ሥነ ልቦና፣ ምዘና፣ አካቶ ትምህርት፣ የትምህርት ቤትና የኅብረተሰብ ግንኙነት፣ የየትምህርቱ ማስተማሪያ ዘዴ፣ ተግባራዊ ምርምርና የማስተማር ልምምድ ሁሉም በዚያ ዓመት ውስጥ መግባት አለባቸው። ሌላው ችግር የሰው ነው። ወደ ፒጂዲቲ የገባው ሁሉ መምህርነትን ወዶ አልገባም፤ በተመረቀበት ሙያ ሥራ አጥቶ የገባ ብዙ ነበር። ሳይወድ የገባ ሰው ልምምዱንም ሳይወድ ይሠራዋል፤ ያም ክፍል ውስጥ ባሉ ልጆች ላይ ያርፋል። የዚህን ዋጋ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት የጀመረው በዚያው በ2014ቱ ፈተና ነው፤ የጎንደርን ግቢዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ለዚያ ፈተና መጥተው የሆኑ፣ ሳያልፉ ወደየቀያቸው የተመለሱ ልጆች ብዙ ናቸው። ጥፋቱን በመምህር ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው፤ መጽሐፍ የለም፣ ክፍሉ ጢም ብሏል፣ ጦርነት ነበር። ሆኖም ከመምህሩ ሌላ በየቀኑ ከልጁ ፊት የሚቆም የለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. አዲስ ፖሊሲ ተክቶታል፤ የመምህራን ሥልጠናም ከተለወጡት ጉዳዮች አንዱ ነው። ስለዚህ አንድ አመልካች ታላቅ ወንድሙ ወይም እኅቱ ከዓመታት በፊት የተማሩበትን አካሄድ እንዳለ ያገኛል ማለት አይቻልም። የዲፕሎማው ፕሮግራም እሱ በሚያመለክትበት ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ፣ ለየትኛው የትምህርት ዓይነት እንደሚቀበል፣ ወይስ በሥርዓተ ትምህርት፣ በትምህርት አመራር ወይም በትምህርት ሥነ ልቦና የሁለተኛ ዲግሪ መያዝ እንደሚሻል ሬጂስትራሩንና የትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ያስፈልጋል። በቅርብ ዓመታት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለሚመረቁት ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው። ልዩነቱ በሚገባ መለየት አለበት። የሁለተኛ ዲግሪው ሰውን ስለ ትምህርት እንዲያጠና ያዘጋጀዋል፤ ዲፕሎማው ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር ያዘጋጀዋል። አንዱን ፈልጎ ሌላውን የተመዘገበ ሰው ዓመቱን በቅሬታ ይጨርሰዋል።

የግቢ ጉብኝቱ እንግዲህ ከማራኪ ይጀምር። የማኅበራዊ ሳይንስ ትምህርቶች እዚያ ይበዛሉ፤ የተፈጥሮ ሳይንሶቹን ፍለጋ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ግቢ መሄድ ይገባል። የኬሚስትሪ መምህር ለመሆን የሚያስብ አመልካች ሁለቱንም ቢያይ ይጠቀማል፤ የሚያሠለጥነው የሥነ ትምህርት ባለሙያና የኬሚስትሪ ባለሙያ ይነጋገሩ እንደሆነ የሚያውቀው ሁለቱንም ጠይቆ ነው። በር ላይ መታወቂያ ማሳየትና ፍተሻ አለ። «ጋሼ፣ ለድኅረ ምረቃ ልጠይቅ ነው፤ የትምህርት ክፍሉ በየት በኩል ነው?» ብሎ በትሕትና የጠየቀን ሰው የጎንደር ጥበቃ መንገዱን በእጁ እያመለከተ ያሳየዋል፤ አንዳንዴም ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ጠርቶ አብሮ ይሰደዋል። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ሳይቀጠሩ ማግኘት ዕድል ነው። ጸሐፊዋ «ክፍል ገብተዋል፤ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ» ካለች መጠበቅ ነው፤ እየጠበቁ ማስታወቂያ ሰሌዳውን ማንበብ ይቻላል። ሰሌዳው ብዙ ይናገራል። የልምምድ ምደባ ዝርዝር ተለጥፎ እንደሆነ፣ ስንት ተማሪ ወደ አንድ ትምህርት ቤት እንደተመደበ፣ ከስማቸው ትይዩ የአማካሪ መምህር ስም እንዳለ ወይም ቦታው ባዶ እንደሆነ እዚያ ይታያል።

ኃላፊው ሲገኙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን መልሳቸው ተጨባጭ ሊሆን ይገባል። ልምምዱ ስንት ሳምንት ነው? ከዚያ ውስጥ ስንቱን እጩው ብቻውን ያስተምራል? የዩኒቨርሲቲው መምህር ስንት ጊዜ መጥቶ ከክፍሉ ኋላ ይቀመጣል? ከተቀመጠ በኋላስ ምን ይሆናል፣ ውጤት ሞልቶ ይሄዳል ወይስ ከእጩው ጋር ቁጭ ብሎ ትምህርቱን ያወራርዳል? ጥሩ ሥልጠና ከደካማው የሚለየው በዚህ በመጨረሻው ነው። አንድ እጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ድምፁ ሲጠፋው፣ ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉ ዝም ሲለው፣ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ከኋላ ላሉት ሳይታይ ሲቀር፣ ይህን አይቶ በማግስቱ እንዲያስተካክል የሚነግረው ሰው ከሌለ ስሕተቱ ልማዱ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንኑ ይደግመዋል።

ያንኑ ጥያቄ ለተማሪዎችም ማቅረብ ይገባል፤ ላውንጅ ውስጥ፣ ሻይ እየጠጡ። መልሶቹ ካልተገጣጠሙ የሚታመነው የተማሪዎቹ ነው። እንግዳ ሰው ድንገት የልምምዱን ጉዳይ ቢያነሳባቸው ሊያፍሩ ይችላሉ፤ አገር ቤቱን፣ ትምህርቱንና ኑሮውን ጠይቆ ከዚያ መግባት የአገሩ ወግ ነው።

በጎንደር ልዩ ትኩረት የሚገባው ሌላው ጉዳይ አካቶ ትምህርት ነው። ዩኒቨርሲቲው በካናዳ ከሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ የሚያካሂደው የነፃ ትምህርት ዕድል ፕሮግራም በተለይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች ላይ ያተኩራል። በዚሁ ትብብር በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ተጀምሯል። ማየት የተሳነው ተማሪ ያለበትን ክፍል እንዴት ማስተማር እንደሚቻል የሚያስብ እጩ እዚህ ከሌላ ቦታ የበለጠ ሰው ሊያገኝ ይችላል። ግቢው ውስጥ ሲዞር መወጣጫዎቹን፣ የመማሪያ ክፍሎቹን ደጃፍ፣ ነጭ በትር ይዘው የሚሄዱ ተማሪዎች የሚያልፉበትን መንገድ ልብ ይበል።

ከግቢው ቀጥሎ ትምህርት ቤቶቹ ናቸው። ጎንደር ፋሲለደስን የመሰሉ አንጋፋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ አዘዞም የራሱ አለው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት ከበሩ ውጭ መቆም ብቻ እንኳ ብዙ ያስተምራል፤ ስንት ተማሪ አርፍዶ እንደሚሮጥ፣ መምህራኑ ከተማሪው በፊት ይደርሱ እንደሆነ ይታያል። ርእሰ መምህሩን አስፈቅዶ አንድ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ከተቻለ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ጉብኝት የለም። በአገር አቀፉ መስፈርት የሁለተኛ ደረጃ ክፍል 40 ተማሪ ሊይዝ ይገባል፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን መቁጠር ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ መምህሩ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ጀምሮ በአማርኛ ሲያብራራ ይሰማል። ይህን አንዳንዱ እንደ ጉድለት ያየዋል። ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ልጆቹ ቀና የሚሉት፣ እጅ የሚያወጡት በዚያች የአማርኛ ደቂቃ ነው፤ ሥልጠናው ይህን እውነት አውቆ መዘጋጀት አለበት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል ግቢ መሄድ የቱሪስት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን ከቆረቆረ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ የተሠሩት ግንቦች በጎርጎርዮሳዊው 1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከግንቦቹ መካከል የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ይገኛል፤ ለመማር ለመጣ ሰው ከትልቁ የፋሲል ግንብ ይልቅ እዚህች ቤት ዘንድ መቆም ይበልጥበታል። ከቅጥሩ ውጭ ደግሞ ጎንደር እስከ ዛሬ የምታስተምረው ሌላ ትምህርት አለ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በየጉባኤ ቤቱ ተከፋፍሎ ይኖራል፤ ቅኔ ፈላጊው ጎጃምና ዋድላ፣ ድጓ ፈላጊው ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ፈላጊው ዙር አምባ ይሄዳል። ለአቋቋም ግን ጎንደር በአታ ይመጣል። የመጻሕፍት ትርጓሜም ሥሩ እዚህ ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት ሁለቱ የትርጓሜ ቤቶች ጎንደር ላይ የተለዩ ናቸው፤ የታች ቤቱ ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ተያይዞ ይነሳል።

በእነዚህ ቤቶች ያለው የማስተማር ዘዴ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የመምህርነት ሥልጠና ለሚመረምር ሰው ትልቅ ሀብት ነው። ተማሪው መምህሩን ራሱ ይመርጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቦ፣ ቁራሽ እየለመነ ከአገር አገር የሚዞረው መምህር ፍለጋ ነው፤ የታወቀ መምህር ካለ የቀናትና የሳምንታት መንገድ አይከብደውም። ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ያስቀጽላል፤ መምህሩ ለበሰሉት ያስተምራሉ፣ የበሰሉት ለጀማሪው። አንድ ሰው መምህር ተብሎ ከመውጣቱ በፊት ለዓመታት ታናናሾቹን ሲያስተምር፣ የኔታም ከአጠገብ ሆነው እየሰሙ ሲያርሙት ይኖራል። ትርጓሜ ቤት ደግሞ «አንድም» የምትል ቃል አለች። መምህሩ አንዱን ንባብ በአንድ መንገድ ይፈቱና «አንድም» ብለው ሌላውን ያመጣሉ፤ ተማሪው አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ሊይዝ እንደሚችል እየሰማ ያድጋል። ዘመናዊው የመምህራን ሥልጠና ከዚህ የወሰደው በጣም ጥቂት ነው። በቃል ማስያዝን ብቻ የአብነት ትምህርት ምልክት አድርጎ መጽሐፍ ላይ ማስፈር ቀላል ሆነ፤ ከጎኑ ያለው ትዕግሥት፣ እርማትና የጓደኛ ለጓደኛ ማስተማር ተረሳ። ጎንደር ላይ የሚማር እጩ ግን ይህን ከመኖሪያው በእግር ሄዶ ሊያየው ይችላል፤ ሌላ ከተማ የሌለው ዕድል ነው።

ቀጣዩ ቀን የሰሜኑ ደጋ ነው። ሚኒባሱ ከጎንደር ወጥቶ ሸክላ ሠሪ ቤተ እስራኤላውያን የኖሩባትን ወለቃን ያልፋል፤ ከዚያ እየወጣ ኮሶዬ ላይ ይደርሳል። ከኮሶዬ አፋፍ ቆላው እስከ ዓይን ጥግ ተዘርግቶ ይታያል። አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ አየሩ ይለወጣል፤ ወገራ የገብስ አገር ነው፤ ንፋሱ በረዶ የነካው ይመስላል፤ ጋቢ ያልያዘ ሰው ይጸጸታል። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ዳባት፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደባርቅ ይገኛሉ። ሰሜን ጎንደር ሲባል ቀድሞ ጎንደር ከተማን የሚጨምር ሰፊ አካባቢ ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን መቀመጫው ደባርቅ የሆነው የደጋው ዞን ብቻ ነው። የቆየ ሰነድ የሚያነብ አመልካች ይህን ካላወቀ ይምታታበታል።

እዚህ መምጣት ለምን አስፈለገ? ፒጂዲቲ ጨርሶ የሚመደብ መምህር ከተማ አይቀርም። ዕጣው እንደ ዳባት፣ ጃናሞራ ወይም በየዳ ያለ ወረዳ ሊያወጣው ይችላል። የደጋው ትምህርት ቤት ከከተማው ይለያል። ልጆች ከሩቅ ቀበሌ በእግር ይመጣሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ብዙዎቹ ወረዳ ከተማ ላይ ቤት ተከራይተው፣ ከቤታቸው ስንቅ ተሸክመው ይማራሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብ ወንበሩ ይሳሳል። ቅዝቃዜው በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ብዕር ያስጥላል። ይህን ያላየ እጩ የቀረ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ይመስለዋል፤ ያየ ግን የአዝመራን ወር አስቦ ፈተናውን ያዘጋጃል። በ2013 ዓ.ም. ማለቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ቤተሰቡን ያጣ ልጅ በክፍል ውስጥ አለ። ከ2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ አንዳንዱ ልጅ ዓመታት አልፈውት ተመልሷል፣ አንዳንዱ አልተመለሰም። በአንድ ክፍል ውስጥ የአሥራ አምስትና የሃያ ዓመት ተማሪ አብሮ መቀመጡ እንግዳ ነገር አይደለም። የሥልጠናው ፕሮግራም ለዚህ ምን አዘጋጅቷል የሚለው ጥያቄ ማራኪ ሲመለሱ ለኃላፊው የሚቀርብ ነው።

ዳባት ላይ ጥሩ ምሳሌ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎች ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳባት የጥናት ማዕከል አቋቁመው የወረዳውን ቤተሰቦች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ለዓመታት ሲመዘግቡ ኖረዋል። የተቋሙ የጤና ወገን ደጋውን እንዲህ ያውቀዋል። የትምህርቱ ወገን በዚያው ወረዳ የልጆችን የትምህርት ጉዞ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ እንዲሁ ቢከታተል ምን ያህል መምህር እንደሚጠቀም መገመት አያስቸግርም።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ አዲ አርቃይ ይወርዳል። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም እዚያ አለ፤ የደጋው ልጅ በአቅራቢያው የሚማርበት ተቋም አግኝቷል። አመልካቹ ከጎንደር ሌላ በባሕር ዳርና በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በሆነው በአዲስ አበባው ኮተቤም ማመልከት ይችላል። የባሕር ዳር ጥንካሬ ከፔዳጎጂ አካዳሚው ጀምሮ የተከማቸ የሥነ ትምህርት ልምድ ነው፤ የኮተቤ ደግሞ ሥራው በሙሉ መምህርነት ላይ መሆኑ። ጎንደር ከሁለቱ የምትለየው የጤና ኮሌጁ ባስተማራት የገጠር ልምምድ፣ በጉባኤ ቤቶቿና በዚህ ደጋ ነው። የትምህርት ክፍሉ ይህን ሁሉ ይጠቀምበት እንደሆነ መልሱ ያለው በልምምድ ምደባው ዝርዝር ላይ ነው።

ከደባርቅ ሲመለሱ የቀረው የወረቀት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የተማሪው ግልባጭ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተመረቀበት ተቋም በቀጥታ እንዲላክ የሚቀርበው ጥያቄ፣ የወጪ መጋራት ማስረጃ፣ ጉርድ ፎቶ ግራፍ፣ በሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የድጋፍ ደብዳቤ። ትራንስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ ይዘገያልና አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በመንግሥት ስፖንሰር የሚማር ከግል ከፋዩ የተለየ ግዴታ ይገባል፤ የግዴታውን ወረቀት ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ማራኪ አካባቢ የኪራይ ክፍል ለማየት የቀረ ግማሽ ቀን ካለ ከባለቤቷ ጋር መነጋገር ይቻላል፤ «እትዬ፣ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» የሚለው ከዋጋው በፊት ይጠየቃል።